የሰፈራችንን ሙቀትና ጎርፍ ለሚለካው ጥናት እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም የልደታና የተክለ ሃይማኖት ሰዎች፣ ከሰፈር ወጥታችሁ ሲኤምሲም ሆነ ዋሽንግተን የገባችሁትም ጭምር። በቀጥታ ልናገር፤ ብር ልንጠይቃችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለው ህንፃ ኮሌጅ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ የአገሪቱን አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ሲያፈራ የኖረ ግቢ ነው። አሁን እዚያ የከተማ ፕላን የሚማሩ ጥቂት ልጆች ለመመረቂያ ጥናታቸው የኛን ሰፈር መርጠዋል። ዛፍ ባለበት ግቢና በሲሚንቶ በተሸፈነው መሀል የሙቀት ልዩነቱ ስንት ነው? ዝናብ ሲወርድስ ውሃው በየት በኩል መጥቶ ነው መንገዱን የሚሞላው?

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሙቀት የኛ ጉዳይ የማይመስለው ብዙ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ግን ቀን የዋጡትን ግለት ማታ ነው የሚተፉት። ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሕፃን ያስተኛች እናት ታውቀዋለች። ዛፍ ጥላ ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ የሚያወጣው እርጥበት ራሱ አየሩን ያቀዘቅዛል።

ጎርፉንም እናስላው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይወርዳል፣ ከአንድ ቤት ብቻ! አፈር ቢያገኝ ይሰርግ ነበር፤ አፈሩ ግን ተሸፍኗል፣ ቱቦው ደግሞ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል።

ለመለካት ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ መስቀል አይበቃም። ፀሐይ ካገኘው የሚያሳየው የራሱን ግለት ነው። ስለዚህ ነጭ የተቀባ፣ ጎኑ አየር የሚያሳልፍ የጣውላ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ሳጥን የሰፈራችን አናጺ ሠርቶ እድሩ ግቢ ውስጥ ተክሎልናል፣ የእጅ ዋጋም አልተቀበለም፣ እግዜር ይስጠው። የዝናብ መለኪያውን ደግሞ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዲት የእድራችን እናት መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ያነባሉ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ።

ግን አንድ ሳጥን ብቻውን ምን ይነግረናል? ለማወዳደር በየመንደሩ ያስፈልጋል። በየሰዓቱ ራሱ የሚመዘግበው ቴርሞሜትር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ልጆቹ እስካሁን ከኪሳቸው ነው ያወጡት። ይሄ ለኛ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥቅሙ የኛ ነዋ!

«በዚህ ብር ችግኝ ብንተክልስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ጥናቱ በራሱ አንድ ዛፍ አያበቅልም። ግን ችግኝ በየዓመቱ እንተክል የለ? ግማሹ ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል፣ ግማሹ ለቧንቧ ሲቆፈር ይነቀላል። የትኛው ጥግ ከሁሉ በላይ እንደሚግል፣ ውሃው የት እንደሚጠራቀም ካወቅን ወይራውንም ዝግባውንም የምንተክልበትን ቦታ እንመርጣለን። ወረዳ ስንሄድም «ጎርፍ አስቸገረን» ብቻ ሳይሆን በቁጥር የተደገፈ ወረቀት ይዘን እንገባለን።

ብሩ የሚገባው በእድሩ ሒሳብ ነው። ገንዘብ ያዡ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ምን እንደተገዛበትም ከነዋጋው እድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። 50 ብርም ብር ነው፣ ማንም እንዳይሳቀቅ። ውጭ ያላችሁ ቤተሰብ በኩል ላኩ። ጣውላ፣ ነጭ ቀለም፣ ባትሪ ያለው በዓይነት ይስጠን። ሳጥኖቹ ክረምቱ ሳይገባ መተከል ስላለባቸው እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ብታደርሱልን ደስ ይለናል። እሁድ እሁድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እድሩ ቤት ክፍት ነው።

ግቢያችሁ ወይም በረንዳችሁ ላይ ሳጥን እንዲቀመጥ የምትፈቅዱም ለገንዘብ ያዡ ንገሩልን፤ በተለይ ከኮንዶሚኒየሙ በኩል እስካሁን ቦታ አላገኘንም።