ቅዳሜ ረቂቆቹንም ኑና እዩልን

ይድረስ ለግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
ሀዋሳ

እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ አባት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ጠዋት የሚያሳየኝ ግን አንድ የሳሙና ካርቶን ነው። ይሄ ምኑ ነው ትምህርቱ?" አሉ። የዚያን ዕለት ሰዓት አጥሮን በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ጥያቄያቸው ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ዛሬ በአንዲት ተማሪያችን ሥራ ልመልስ። እሷንም እናቷንም አስፈቅጃለሁ፤ ስማቸውን ግን ልተወው።

ተማሪዋ በዚህ ሴሚስተር ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንድ ማሸጊያና አንድ ፖስተር። ለማሸጊያው የእናቷን ቡና መረጠች። እናቷ የሲዳማ ቡና ቆልተው፣ በላስቲክ ቋጥረው ለሰፈር ሱቆች ያስረክባሉ።

የመጀመሪያው ንድፏ ላይ ያልነበረ ነገር የለም። ጀበና አለ፣ ሲኒ አለ፣ የታቦር ተራራ አለ፣ ሐይቁ አለ። ስክሪን ላይ ያምራል። መምህሯ አሳትሞ ከረጢት ላይ ለጠፈውና አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መንገዱን አሻግሮ አቆማትና "ምን ይታይሻል?" አላት። አንድ ቡናማ ነገር ብቻ። "ቡና" የሚለው ቃል ራሱ አይነበብም።

ሁሉንም አውጥታ ቃሉን ብቻ አስቀረች። በእጇ ጻፈችው። የ"ቡ"ን የጎን ቅጥያ እንደ ጀበና እጀታ አጠፈችው። እኔ ሳየው ዝም አልኩ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ማተሚያ ቤት ስትሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ስክሪኑ ላይ እንደ ቡና ቅጠል ያበራ የነበረው አረንጓዴ፣ ቡናማው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ጭቃ መሰለ። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው በብርሃን ነው። ማተሚያው ግን ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም እየደራረበ ነው የሚሠራው። ቀለሙ ስስ ስለሆነ የወረቀቱ መልክ ከሥሩ ያሳልፋል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። የገባት ግን የተበላሸውን ወረቀት በእጇ ስትይዘው ነው። ልጆቻችሁ "ለሙከራ ማሳተሚያ" ብለው ብር ሲጠይቋችሁ ነገሩ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ተቆልቶ እንደወረደ የታሸገው ቡና አደረ። ጠዋት ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ተገኘ። እናቷ ሲያዩት "ቡናው ገና ይተነፍሳል እኮ ልጄ፤ እኔ ወዲያው የማልቋጥረው ለምን መሰለሽ?" አሏት። እውነታቸውን ነው። የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የፋብሪካ ከረጢት ላይ የምታዩዋት ትንሽ ክብ ነገር ለዚሁ የተሠራች ናት፤ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ጌጥ ትመስላት ነበር። እኛ ሳናስተምራት የቀረነውን እናቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማሯት።

ፖስተሩ ሐይቁ ዳር ቆሻሻ እንዳይጣል የሚናገር ነው፤ 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ዓሣ ሣለች። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዳ ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ስታሳያቸው "ይሄ የኛ ሐይቅ ዓሣ አይደለም" አሏት። እዚያው አንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) አንስተው እሾሃማውን ረጅም የጀርባ ክንፍ ዘርግተው አሳዩዋት። አሁን ፖስተሩ ላይ ያለው ያ ዓሣ ነው። ጽሑፉ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ነው። አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን ስለሚጻፍ እኩል መጠን ብትሰጣቸውም ለዓይን እኩል አልሆኑም። አንዱ ቋንቋ የሌላው ጭራ እንዳይመስል ሳምንት ሙሉ ስታመዛዝን ከረመች። ይህ ጭንቀቷ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘመድ "ነገ ሠርግ አለብኝ፣ ካርድ ሥራልኝ" ሲላቸው እናንተ ጣልቃ ግቡላቸው። ቢያንስ የሳምንት ጊዜ ይሰጣቸው። የድካማቸውም ይከፈላቸው።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የሁሉም ተማሪዎች ሥራ በግቢያችን ይታያል። የተበላሹትንም ሙከራዎች ከተሳካው ሥራ ጎን እንሰቅላቸዋለን። ስትመጡ ከቤታችሁ አንድ ባዶ ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ የዘይት፣ የፓስታ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተገኘውን። ለመክፈት የሚያስቸግራችሁ ወይም ጽሑፉ የማይነበብላችሁ ቢሆን ይመረጣል። የሚቀጥለው የክፍል ሥራ በእነሱ ላይ ነው።

የሳሙና ካርቶኑን ያነሱት አባት፣ እርስዎን በተለይ እጠብቃለሁ። የልጅዎ ሥራ ከበሩ በስተቀኝ ነው የሚሰቀለው።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር