ያልታየ ዓይን እንዴት «ብቁ አይደለም» ይባላል? ለዕጩ አብራሪዎች የሕክምና ቦርድ ሰብሳቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት ቢቸግረኝ ነው። የድሮ የዓይን ጉዳቴ ሳይመረመር ለጦር አብራሪነት «ብቁ አይደለም» ስለተባልኩ ለቦርዱ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሦስቱም ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መልስ የሰጠኝ ግን የለም። በአካል ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስደውል «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ለበረራ ሥልጠና የተቀመጠው የዕድሜ ጣሪያ ሂደት አይጠብቅም። ለእኔ የቀረኝ አራት ወር ነው።

ቦርዱ ውስጥ ስለ ዓይኔ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ እዚህ ልንገርዎ።

በ16 ዓመቴ ከቅርብ የተለጋ ኳስ ቀኝ ዓይኔን መታኝ። መጀመሪያ ቀይ ጭጋግ ታየኝ፤ ከዚያ ምንም። ሐኪሞቹ ሃይፌማ አሉት፤ ከኮርኒያው (ከዓይን ፊት ካለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ኋላ፣ ከአይሪሱ (ከባለ ቀለሙ ክብ) ፊት ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ደም ሲጠራቀም ማለት ነው። ትራሴን ከፍ አድርጌ እንድተኛ፣ እንዳልጎነበስ፣ እንዳልሮጥ ታዘዝኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ እንደገና ሊደማ ይችላል፤ ሁለተኛው መድማት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይብሳል። የዓይኔ ግፊት 34 ደርሶ ነበር፤ ደህና የሚባለው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። እናቴ ሌሊት ሳይቀር ሰዓቱን እየጠበቀች ጠብታ ታደርግልኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የመስኮቱ ጠርዝ እንደ ጥላ ታየኝ። ለማንም ሳልናገር ግራ ዓይኔን በእጄ ከድኜ ያንን መስመር ሳየው፣ ሳየው ቆየሁ። አብራሪ እሆናለሁ የሚለው ሐሳቤ ተመልሶ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ደሙ ቀስ በቀስ ተመጠጠ፣ ግፊቱ ወረደ፣ እይታዬም ከወራት በኋላ ያለ መነጽር 6/6፣ ማለትም እንደ ጤነኛ ዓይን፣ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት ሳላጓድል ተመርምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ምት የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን ማዕዘን ሊቀድድ እንደሚችል፣ የተቀደደ ማዕዘን ደግሞ ከዓመታት በኋላ ያለ ምንም ሕመም ግላኮማ (የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታን የሚያጠብ በሽታ) ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሜ ገና ከሆስፒታል ሳልወጣ ነግሮኛል። ስለዚህ አደጋውን አልክድም። እንዲያውም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሰባት የግፊት ልኬቶች፣ ሰባት የእይታ ሜዳ (የጎን እይታ ስፋት) ምርመራዎች፣ የረቲና (የዓይን የኋላ ግድግዳ) ፎቶዎችም በእጄ አሉ። ግፊቱ ከ16 በልጦ አያውቅም።

ወደ ምርመራው ቀን ልምጣ። ሰንጠረዡን በሁለቱም ዓይኖቼ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። ቀለም መለየትን የሚፈትኑትን የኢሺሃራ ገጾች አንድም ሳልስት አለፍኩ። የርቀት ግምት ፈተናውንም አለፍኩ። ግፊቴን የለካችው ባለሙያ ቁጥሩን ጽፋ «ጥሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቅጽ ተሰጠኝ፤ «ከዚህ በፊት በዓይንዎ ላይ ጉዳት ደርሶ ያውቃል?» ይላል። «አዎ» ብዬ ቀኑን፣ ሕክምናውን፣ የደረሰበትን ሁሉ ጻፍኩ፤ የሰባት ዓመት ማስረጃዬንም አያያዝኩ። ቅጹን የተቀበለው ሰው ማስረጃውን ሳይገልጥ «ብቁ አይደለም» የሚል ማኅተም መታበት። ጉዳቱ የደረሰበትን ዘመን፣ ዓይነቱን፣ ያለሁበትን ሁኔታ የሚጠይቅ አንድ ቃል አልተሰነዘረም።

ለምን ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። «ባትጽፈው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው ያንብቡልኝ። እውነት ነበር የተናገረው። ብዋሽ ኖሮ ዛሬ ሠልጣኝ ነበርኩ። ከእኔ ጋር ከተሰለፉት መካከል ያንን ጥያቄ «የለም» ብሎ ያለፈ ሰው ካለ፣ ቦርዱ ያንን ሰው አያውቀውም፤ ግፊቱን በየዓመቱ የሚለካለት የለም፤ አንድ ቀን የጎን እይታው ሲጠብ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳይባረር ይደብቀዋል። አየር ላይ፣ በጎኑ የሚመጣውን አውሮፕላን ማየት ያለበት ሰው እሱ ነው። እኔን በር ላይ ያስቀረኝ አሠራር እሱን አስገብቶታል።

ለዕጩዎች ያደላችሁት መመሪያ የድሮ የዓይን ጉዳት «በዓይን ስፔሻሊስት ተመርምሮ በእያንዳንዱ ሁኔታ ይወሰናል» ይላል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በፊርማዎ የወጣ ነው። እኔን የመረመረኝ ስፔሻሊስት ማን ነው? ያንን የፈሳሽ መውጫ ማዕዘን በጎኒዮስኮፒ፣ በልዩ ሌንስ በሚደረገው ምርመራ፣ ያየልኝ ማን ነው? ሌንሱን ዓይን ላይ አስቀምጦ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ዓይኑ የጠፋው አሜሪካዊው አብራሪ ዋይሊ ፖስት በ1933 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ብቻውን በ7 ቀን ከ18 ሰዓት ከ49 ደቂቃ እንደዞረ ብዙ ሰው ያነሳልኛል። እኔ በሱ አልከራከርም፤ የጦር አብራሪ አልነበረም፣ ዘመኑም ሌላ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ሲጠመዘዝ የስበት ጫናው ደምን ወደ ታች ሲጎትት ከአንጎል ቀድሞ የሚጨልመው ዓይን መሆኑን አውቃለሁና የዓይን መስፈርታችሁ መጥበቁን አልቃወምም።

እኔ የማስታውሰው ሌላ አብራሪ ነው። በ1940 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያው ተዋጊ አብራሪ ጎርደን ክሊቨር አውሮፕላኑ ሲመታ የፐርስፔክስ (የአውሮፕላኑ መስኮት የተሠራበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ስባሪ ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ያንን የተጎዳ ዓይን ደጋግሞ ሲመረምር ፕላስቲኩ ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተዋለ፤ በ1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። ዛሬ የሞራ ግርዶሽ ወጥቶለት ሰው ሠራሽ ሌንስ የሚተከልለት ሰው የሚያየው በዚያ ምርመራ ምክንያት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም ላሲክ (እይታን የሚያስተካክል የሌዘር ቀዶ ሕክምና) የተሠራላቸውን የበረራ አመልካቾች ለረጅም ጊዜ ሲመልስ ኖሮ፣ አጥንቶ በ2007 በሩን ከፈተላቸው። ሁለቱም ቦታ ሰው ዓይኑን አይቶ ነው የወሰነው።

የምጠይቀው ማኅተሙ እንዲነሳ ብቻ አይደለም። በራሳችሁ ስፔሻሊስት ልመርመር። ማዕዘኔ ተቀዶ ከተገኘና ለበረራ አያበቃም ከተባለ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ እፈርማለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሌላ ደብዳቤም አልጽፍም። ብቁ ሆኜ ከተገኘሁ ደግሞ ዕድሜዬ ሳያልፍ ይወሰንልኝ። «ባትጽፈው ኖሮ» የተባለውም ንግግር በማን አሠራር እንደተባለ ይጣራ፤ ከእኔ በኋላ ያ ቅጽ ፊት የሚቀመጠው ልጅ እውነቱን ጽፎ ማለፍ መቻል አለበት።

የማመልከቻዎቼ የገቢ ቁጥሮች በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ አሉ። የቀን ቀጠሮ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

አመልካቹ