«እንደ ሠራተኛ» አትበይ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። ጦሳ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ነው የምናየው። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሰኞ ገበያ መውረዱን ግን አልተወም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በስልክ «እሺ እማዬ» ትይኝና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለአረፋ የመጣሽ ጊዜ አብረን ያየነው ድራማ ትዝ ይልሻል? በአማርኛ ተተርጉሞ የሚመጣው የቱርኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ባልየው ሚስቱን ሻይ አቅርቢ ብሎ አዘዛት። ትሪውን ይዛ ስትመጣ፣ «ይህችን ከወጥ ቤት ነው ያነሳኋት፤ ቦታዋን ታውቃለች» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። እሷ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አንቺ ብድግ አልሽ። «እንዴት እንደ ሠራተኛ ያያታል? ሚስቱ እኮ ናት!» አልሽ። እንባሽ መጥቶ ነበር። ለተበደለ የምታዝኚ ልጅ በመሆንሽ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ያን ጊዜ እኔ ቶናውን እየቀዳሁ ነበር። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ አላየሁትም። ጨርቅ አምጥተሽ ጠረግሽልኝና «ደክሞሻል እንዴ?» አልሽኝ። አልደከመኝም ነበር።

«እንደ ሠራተኛ» ያልሽው ነው እጄን የያዘው። እኔ ስምንት ዓመት ሠራተኛ ነበርኩ።

ጅዳ መሥራቴን ታውቂያለሽ። ግን ምን ሠርቼ እንደነበር በዝርዝር አውርተን አናውቅም። አንቺ አትጠይቂም፣ እኔም አላነሳም። ዛሬ ላውራሽ።

በ1998 ነው የሄድኩት። አንቺ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ለጉዞው ወረቀት ስናስጨርስ አንድ ፎርም የሚሞላ ሰው «ሥራ?» አለኝ። «ቤት ውስጥ ነው የምሠራው» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሥራ፦ የላትም» ብሎ ጻፈ። እኔ ያን ቀን ሌሊት ተነስቼ ሊጥ አብኩቼ፣ ውሃ ቀድቼ፣ አንቺን አጥቤ፣ አያትሽን አብልቼ፣ የአባትሽን ልብስ ተኩሼ ነበር የወጣሁት። ጅዳ ስደርስ ያንኑ ሥራ ሰጡኝ። እዚያ ግን የቅጥር ወረቀት ነበረው። ደመወዝ ነበረው። በወር 700 ሪያል። ሥራው አንድ፣ እጁም አንድ። ደሴ ላይ ስም አልነበረውም፣ ጅዳ ላይ ዋጋ ወጣለት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር። ስድስት ልጆች። ከፈጅር በፊት እነሳለሁ። ነጭ ቶብ መተኮስ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል፤ አንዲት ጭረት ከታየች ተመልሶ ይመጣል። በረመዳን ሳምቡሳው ተጠቅልሎና ተጠብሶ አያልቅም። ያ ሁሉ አድካሚ ነው፣ ግን ሥራ ነው፣ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ማዳም ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። ስትፈልገኝ ጣቷን ታጮኻለች። ካልሆነም «ያ ቢንት» ትላለች። አንቺ ልጅ ማለት ነው። እኔ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ የልጅ እናት ነበርኩ። አልመታችኝም፣ ደመወዜንም አልከለከለችኝም። የደረሰባቸውን የሚያወሩ የደሴና የሐይቅ ልጆች ነበሩ፤ ከእነሱ አንጻር እኔ ደህና ነበርኩ። ግን ጣት እየተጮኸ ስትጠሪ ከውስጥሽ የሚሰበር ነገር አለ።

የማዳም ባል እናት አልጋ ላይ ነበሩ። እሳቸውን የማገላብጥ፣ የማጥብ፣ ሾርባ በማንኪያ የማጎርስ እኔ ነበርኩ። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እገለብጣቸዋለሁ። ይህን ያስተማረኝ የለም፣ ከእናቴ ያየሁት ነው። እሳቸው ስሜን ይጠሩኝ ነበር። ሳጥባቸው ዱዓ ያደርጉልኛል፤ መጀመሪያ ለልጅሽ ይሉና አንቺን ያስቀድማሉ። ሲሞቱም እጄን እንደያዙ ነው። ማዳም ያን ቀን አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ በማግስቱ ግን ጣቷን አጮኸች።

በ2006 ያ ሁሉ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ እኔም ተመለስኩ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ከወሎ ያልነበረበት ቀበሌ የለም። አንቺ የተማርሽበት፣ ይህ የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮው፣ የግቢው አጥር፣ ሁሉም ከዚያ ብረት ምጣድና ካውያ የወጣ ነው።

ስለዚህ «እንደ ሠራተኛ» ስትዪ ማንን እንደምትሰድቢ አስቢ። ባልየው ሚስቱን አዋርዷል፣ ልክ ነሽ። ያዋረዳት ግን ሻይ ማቅረቧ አይደለም። ሻይ ማቅረብ እኮ ክብር ነው፤ እኛ ወሎዎች ቡና «ጀባ» ስንል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያዋረዳት የሱ አፍ ነው፣ የእንግዶቹ ሳቅ ነው። አንቺ ደግሞ ሳታስቢው የሱን ሚዛን ተቀበልሽው። ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ቢናገራት ያምራል ማለት ነው?

ድራማውን አንቺ ከሄድሽ በኋላ እየተከታተልኩት ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ መሰለሽ? ልጅቷ የአንድ ትልቅ ባለሀብት የጠፋች ልጅ ሆና ተገኘች። ያኔ ባልየው ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት። ጎረቤቶቻችን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔን ግን አናደደኝ። የእውነት የወጥ ቤት ልጅ ብትሆንስ ይቅርታው ይቀርባት ነበር?

እናቴን አታስታውሻትም፣ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። በሰፈሩ «ባለሙያ» ነበር የምትባለው። ዛሬ ባለሙያ ሲባል ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው የሚመጣብን። ያኔ ባለሙያ ማለት ሊጥ እጁን የሚያውቅለት ሰው ነበር። እርሾው ደሴ ላይ ሦስት ቀን ሲፈልግ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስላለ ቶሎ ይደርሳል፤ ይህን በሰዓት አይደለም የምታውቀው፣ በማሽተት ነው። ከላይ ያቀረረውን ውሃ አፍስሳ፣ አብሲት ጥላ፣ እስኪነሳ ጠብቃ ነው ምጣድ የምትጥደው። አብሲቱ ካልተስተካከለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የሰፈሩ ሙሽሮች እሷ ዘንድ እየመጡ ይማሩ ነበር። ማንም «ምንም አትሠራም» ብሏት አያውቅም። ይህ ቃል መቼ እንደገባብን አላውቅም፣ ግን ገብቷል።

በአባትሽ አፍም ገብቶ ነበር። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው፣ ጻፊው ብሎኛል። ከጅዳ በተመለስኩ በዓመቱ እንግዶች መጥተው «እሷማ እዚያ የሰው ሽንት ቤት ስታጥብ ኖራ ነው የመጣችው» አላቸው። ጨዋታ መስሎት ነው። ዝም አልኩ፣ ማታ ግን ነገርኩት። «የተቀመጥክበት ወንበር በዚያ ውሃ ነው የተገዛው» አልኩት። በማግስቱ ምንም አላለም። በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ሲመጡ ጀበናውን ራሱ ጥዶ ጠበቃቸው። ከአቦል እስከ በረካ ራሱ ቀዳላቸው። ቡናው ቀጭን ነበር። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ሁሉም ሴት እንዲህ አይቀናትም። የጎረቤታችን የፍቺ ክርክር ላይ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። ባልየው ዳኛ ፊት «እሷ ቤት ተቀምጣ ነው የበላችው» አለ። በኋላ አንዲት ጠበቃ ደጅ ላይ ቆማ አስረዳችን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር። ሠራተኛ ለማምጣት አቅም ከሌለውም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ይደነግግ ነበር። አየሽ? ሚስት የሠራተኛ ምትክ ተብላ ሕግ ላይ ተጽፋ ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለወጠው። ክልላችንም የራሱን በ1995 አወጣ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት፣ በአንዱ ስም ቢሆን እንኳ፣ የሁለቱ ነው፤ ሲለያዩም እኩል ነው። ጎረቤታችን ግማሹን አገኘች። ያ ሃያ ዓመት «ተቀምጣ» የተባለችበት ሥራ ተቆጠረላት ማለት ነው።

አንቺም ባልሽ እንዲያ ካለሽ ዝም ብለሽ ቻዪ እያልኩሽ አይደለም። እንደ ድራማዋ ትሪ ይዘሽ አትቁሚ። አስቀምጪውና ተናገሪ። እሱ ካልሰማሽ የደሴ መኪና በየቀኑ አለ፣ በሩም ክፍት ነው።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። በጥቅምት አንቺ ጋ የሰነበትኩ ጊዜ ቤትሽ ያለችውን ልጅ አየኋት። የደላንታ ልጅ ናት፣ የወሎ ልጅ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው አለችኝ። ደመወዟን በቀኑ እንደምትከፍያት ነግራኛለች፣ ይህን አመሰግንሻለሁ። ግን ሁላችንም ከበላን በኋላ ወጥ ቤት ቆማ ስትበላ አየሁ። ሳህኗ ለብቻው ነው። ሲሚንቶ ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። ባልሽ ውሃ ሲፈልግ ጣቱን አጮኸ። አንቺም «አንቺ ልጅ» አልሻት። ክፉ ሆናችሁ አይደለም፣ አውቃለሁ። ማዳምም ክፉ አልነበረችም።

ሌሊት አልተኛሁም። ተነስቼ አብሬያት ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። የእናቷ ስልክ የሚይዘው ኮረብታ ላይ ስትወጣ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ነው። አንቺ ደግሞ እሑድ ጠዋት ነው ልብስ የምታሳጥቢያት። እኔ ጅዳ ሆኜ አንቺን ለማናገር በመጋረጃ ጀርባ የተደበቅኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። አንዴ አገኘሁሽና «እማዬ መቼ ነው የምትመጪው?» ስትዪኝ ማዳም ጣቷን አጮኸች። ስልኩን ዘጋሁብሽ። ያኔ ለምን እንደዘጋሁት አሁን አወቅሽ።

ልብሱን ቅዳሜ አድርጊው። ከሰፈራችሁ የማታ ትምህርት ካለ አስመዝግቢያት፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። ማዕድ ላይ አብራችሁ ትቀመጥ። መጀመሪያ ላይ ታፍራለች፣ አትተዪያት።

ዕቃ በአውቶቡስ ልኬያለሁ፣ ነገ ማታ ይደርሳል። ከላይ ያለው በርበሬና ሽሮ ያንቺ ነው። ቆሎው ለባልሽ ነው፣ ያለ ሱፍ እንደማይወደው ስለማውቅ ጨምሬበታለሁ። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለው ጋቢ ግን የእሷ ነው። እንዳይሳሳትብሽ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

እናትሽ፣
ደሴ