ብላ ወይስ ብዪ

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ዝምታዬ በዝቷል፤ ይቅርታሽን በብድር ወስጄ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ የግርጌ ጽሑፋቸውን (ሰብታይትል) ወደ አማርኛ የምትመልሺላቸው ፊልሞች ማሳያ ቀን ደርሷልና።

አንድ ልመና አለኝ። የአማርኛውን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ትርጉም አትሥሪው፤ ከስፓኒሹ ጀምሪ። ስፓኒሽ የተናጋሪውን ጾታ ቅጽል ላይ ያስቀምጣል፤ የኛ ቋንቋ ደግሞ የምናናግረውን ወይም የምናወራለትን ሰው ጾታ ግስ ላይ። በእነዚህ የኩዊር ላቲኖ ፊልሞች (የላቲን አሜሪካ ተወላጅ የሆኑ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ትራንስ ሰዎች ታሪኮች) ውስጥ ምስጢሩ ያለው በእነዚህ ትንንሽ ፊደሎች ላይ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም ጠራርጎ አጥፍቶልሻል።

የመጀመሪያውን ፊልም ክፈቺ። ልጁ ለእናቱ ስልክ ላይ «ኤስቶይ ኮን አልጊየን፤ ቢቤ ኤን ኩዊንስ» ይላታል። ሰው ይዣለሁ፣ ኑሮ ኩዊንስ (ኒውዮርክ) ነው እንደማለት ነው። «ቢቤ» ወንድም ሴትም ይሆናል፤ እናትየውም አትጠይቅም። አንቺ «ይኖራል» ካልሽ ልጁን አሳልፈሽ ሰጠሽው፤ «ትኖራለች» ካልሽ ውሸታም አደረግሽው። «ይኖራሉ»ም አያዋጣም፤ ተመልካቹ ሽማግሌ ይጠብቃል። መውጫው አንደኛ መደብ ነው፦ «ሰው ይዣለሁ። የምንገናኘው ኩዊንስ ነው።» «እንገናኛለን»፣ «አብረን ነን»፣ «ተዋወቅን» የሚሉት ሁሉ ጾታ አያወጡም። እናትየዋ ስትጠይቅም «ደህና ነው?» ሳይሆን «ደህና ናችሁ?» ትበል።

ይህን እንደ ብልጠት አትዪው፤ የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ካርሎስ ኡሊሰስ ዴሴና የሚባል ምሁር በኒውዮርክ የሚኖሩ የዶሚኒካን ተወላጅ ወንዶችን አጥንቶ፣ በ2011 ባሳተመው ሥራው ነገሩን ከሰዋስው በተዋሰው ስም ጠራው፦ የተሰወረ ባለቤት። «መጣሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን፣ ቤተሰቡም የሚያውቀውን ነገር አያነሳም። ሜክሲኳዊው ዘፋኝ ሁዋን ገብርኤል በ2002 ቴሌቪዥን ላይ ወንድ ይወድ እንደሆነ ሲጠየቅ «የሚታይ ነገር አይጠየቅም ይባላል» ብሎ ያለፈውም በዚሁ ልማድ ነው። ስለዚህ ዝም ያለን ገጸ ባሕርይ «ይፋ ላውጣው» ብለሽ አትርጂው።

ቀጥሎ ሁለቱ ጓደኛሞች አሉ። ወንዶች ሆነው «ሎካ» (እብዷ)፣ «አሚጋ» (ጓደኛዬ፣ በሴት) ይባባላሉ፤ አንዱ «ኤስቶይ ካንሳዳ» ይላል። በወንድ «ካንሳዶ» መሆን ነበረበት። «ደክሞኛል» ብለሽ ስትጽፊ ያቺ «ዳ» ትጠፋለች፤ በአማርኛ «ደክሞኛል» የሚል ሰው ጾታው አይታይም። ግን ጓደኛው «ቬን፣ ሲዬንታቴ» ሲለው በስፓኒሽ ጾታ የሌለውን መልስ አንቺ «ነይ፣ ቁጭ በይ» ብለሽ ጻፊው። አንድ መስመር ላይ የጎደለው በሚቀጥለው ተተካ። አንድ ጊዜ ብቻ ካደረግሽው ግን ተመልካቹ ስድብ ወይም የትየባ ስህተት ይመስለዋል፤ በሁለቱ መካከል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንቺ» ይሁን።

ስድቦቹ ላይ መጀመሪያ የአገሩን ስም ጠይቂ። «ሆቶ» ወንድ የሚወድ ወንድ የሚሰደብበት የሜክሲኮ ቃል ነው። «ፓቶ» ዳክዬ ማለት ነው፤ ፖርቶሪካዊ አፍ ላይ ግን ያው ስድብ ነው። «ኩሌሮ» በኤል ሳልቫዶር ይኸው ስድብ ሲሆን በሜክሲኮ ክፉ ወይም ፈሪ ሰው ማለት ነው። ዋሽንግተን ጎረቤቶቻችሁ ሳልቫዶራውያን ስለሆኑ አዳራሹ ውስጥ ስህተትሽን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። «ግብረ ሰዶማዊ» የስብከትና የሕግ ቃል ነው፤ አጎቱ እራት ላይ የሚተፋው «ቡሽቲ» ነው፤ ይጎርብጥሽ፣ ግን ጻፊው። ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸውን «ደ አምቢዬንቴ» የሚሉበት ላይ፣ የአዲስ አበባ መሰሎቻቸው ራሳቸውን የሚጠሩበት «ዜጋ» ቁርጥ ልኩ ነበር፤ ሆኖም ተመልካቹን ከኩዊንስ ነቅሎ ፒያሳ ያወርደዋል። እኔ ብሆን «የኛ ሰው» እላለሁ።

(«ላቲኖ»ን ከጾታ ለማላቀቅ የተፈጠረውን «ላቲኔክስ»ን ማስታወቂያው ላይ ባትጽፊው አይቆጨኝም። የአሜሪካው የጥናት ተቋም ፒው በ2020 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ካሉ አዋቂ ላቲኖዎች ራሳቸውን እንዲያ የሚጠሩት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። «ላቲኖ» በአማርኛ ወንድም ሴትም አይደለም፤ ተገላገልን።)

ሦስተኛ ፊልም ላልሽኝ፣ ብራዚላዊው ዳንኤል ሪቤሮ በ2010 የሠራው የ17 ደቂቃው ይሻላል፤ በ2014 ረጅም አድርጎት በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለኩዊር ፊልሞች የሚሰጠውን የቴዲን ሽልማት ያገኘበት ታሪክ ነው። ዋናው ልጅ ዓይነ ስውር ስለሆነ ብዙው ነገር በንግግር ያልፋል። የፊልም ሠሪዋ የኤላ ትሮያኖ የ1994 ሥራ ድንቅ ነው፣ ቀልዱ ግን ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ እየዘለለ ነው፤ በአማርኛ ለማሳቅ ወር ይፈጃል።

ስለ ፋይሉ ጥቂት። በላቲን ፊደል የተለመደው ልክ በመስመር 42 ፊደል፣ ሁለት መስመር ነው። የኛ ፊደል ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከ30 አትለፊ። አንዱ ጽሑፍ ምስሉ ላይ ከ1 ሰከንድ ያነሰ፣ ከ7 የበለጠ አይቆይ። «፡፡» ብለሽ ሁለት ነጥብ ደራርበሽ አትጻፊ፤ መስመር ሲሰበር አንዱ ታች ይወርዳል፤ «።» ተጠቀሚ። ፋይሉን የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አስቀምጪው። የአዳራሹ ማጫወቻ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አጣብቀሽ አውጪውና በዚያው ማሽን ላይ ቀድመሽ ሞክሪው።

የቀረው የማእድ ቤቱ ትዕይንት ነው። እዚህ ያለችው እናት ወንድ ብላ ያሳደገቻትን ትራንስ ልጇን ሴት ብላ ለመጥራት አፏ እንቢ ብሏል። ስፓኒሹ ይመቻታል፤ «ኮሜ» ስትል ለወንድም ለሴትም ነው። አማርኛ ግን ከመጀመሪያው ሰሃን ጀምሮ «ብላ» ወይስ «ብዪ» ብሎ ያፋጥጣታል። ስለዚህ ፊልሙን ሙሉ «እራት ቀርቧል»፣ «እንብላ»፣ «ይቀዝቅዝ እንዴ?» ስትል ትቆይ። መጨረሻ ላይ «ኮሜ፣ ሚሃ» ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው፣ በሴት። «ልጄ» ያንን አይሸከምልሽም። ብቻውን በመስመር መካከል፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት፣ «ብዪ» በይ።