ከሽንኩርት ሥር ላይ ሕዋስ ሲከፋፈል ለማየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በየትምህርት ቤቱ ስለ ሕዋስ ክፍፍል ሙከራ ሲሠራ፣ ተማሪው ማይክሮስኮፑን ትቶ የመጽሐፉን ሥዕል ሲገለብጥ ማየት የተለመደ ነው። በተማሪው አንፈርድም። ስላይዱ (ናሙናው የሚቀመጥበት መስታወት) ላይ የሚከፋፈል ሕዋስ ከሌለ ምን ይሣል?

ዋናው ስህተት ከአቆራረጡ ይጀምራል። ሽንኩርቱ ታቹ ብቻ ውሃ እየነካው ብርጭቆ አፍ ላይ ሲቀመጥ፣ በ3 ቀን ገደማ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ሥር ያወጣል። ክፍፍሉ በብዛት ያለው ግን ጫፉ ላይ፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሕዋሳት መከፋፈሉን ትተው መርዘም ጀምረዋል። በማይክሮስኮፕ ረጃጅም ሕዋሳት ብቻ ከታዩ ጫፉ ስላይዱ ላይ የለም ማለት ነው።

ሥሩ 3 እጅ ኢታኖልና 1 እጅ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ውስጥ ይደር። ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይዘሉታል፦ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ5 ደቂቃ ማቆየት። ሕዋስን ከሕዋስ ያጣበቀውን ፔክቲን የሚያላቅቀው ይህ ነው፤ ካልተደረገ ሕዋሳቱ ተደራርበው ይቀራሉ። (የዓይን መከላከያና ጓንት ግድ ነው።) በውሃ ታጥቦ 2 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ ብቻ ይቆረጥና አሴቶ ኦርሲን በሚባለው ቀለም ለ15 ደቂቃ ይቀለም። ስላይዱ ላይ አድርጎ በከቨር ስሊፕ (በስስ መሸፈኛ መስታወት) መክደን፤ ከቨር ስሊፑን በእርሳስ ጀርባ ቀስ እያሉ መታ መታ፣ ከዚያ በሶፍት ሸፍኖ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ መጫን። ትንሽ ከተንሸራተተ ሕዋሱ ይጠቀለላል።

ክፍፍሉ አራት ደረጃ አለው። በ400 እጥፍ ሲታይ የመጀመሪያው፣ ፕሮፌዝ፣ የተወሳሰበ ድውር ይመስላል። ሜታፌዝ ያሳስታል፤ ከጎን ሲታይ መሐል ላይ የተጋደመ ወፍራም መስመር፣ ከጫፍ ሲታይ ግን 16ቱ ክሮሞዞሞች (የዘር መረጃ የያዙት ክሮች) እንደ ኮከብ ተዘርግተው ነው፤ ተማሪው ይህን ሁለተኛውን «ሌላ ነገር» ብሎ ያልፈዋል። በአናፌዝ ሁለቱ ቡድኖች ክንዳቸውን ከኋላ እያስጎተቱ ይራራቃሉ። በቴሎፌዝ መሐል ላይ አዲስ ግድግዳ ከውስጥ ወደ ዳር ይሠራል።

ሥራውን የሚያርሙ መምህራንን የምንለምነው አለ። አራት የተስተካከለ ሥዕል አይጠይቁ። ተማሪው 200 ሕዋስ ቆጥሮ በየደረጃው ስንት እንዳገኘ ይጻፍ። አብዛኛው ኢንተርፌዝ፣ ማለትም በክፍፍል ላይ ያልሆነ፣ ይሆናል፤ ከሚከፋፈሉት ፕሮፌዝ ይበዛል፣ ቶሎ የሚያልፈው አናፌዝ ያንሳል። አራቱን እኩል አድርጎ ያመጣ ተማሪ ስላይዱን አላየም። ሥዕል አንድ ይበቃል፤ እሱም የተሣለው ሕዋስ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳለ መምህሩ አይቶት ይታረም።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህራን