ገመዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ አምዳችሁ ስለ አክሽን ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ «ድሮ ፊልም እውነት ነበር፤ ኮምፒውተር መጥቶ አበላሸው» የሚል ነው። በግማሹ እስማማለሁ። ግማሹ ግን እንጀራዬን ስለሚነካ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፊልሞቹ የሚታወቁት በዚያ ነው።)

የምስማማበትን ላስቀድም። እኔም የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ። በሃምሳ ሳንቲም አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ጃኪ ቻንን ስናይ ያደግን ነን። በ1985 በወጣው «ፖሊስ ስቶሪ» ጃኪ ከገበያ ማዕከሉ ላይኛው ፎቅ ይዘልና አምፖል የተጠመጠመበትን ምሰሶ ይዞ እስከ ታች ይንሸራተታል። አምፖሉ ይፈነዳል፣ መስታወቱ ይረግፋል። ይህ ዝላይ ፊልሙ ላይ ሆን ተብሎ ከተለያየ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ነው የሚታየው። እኛ ያን የት እናውቃለን? ካሴቱ የተበላሸ መስሎን «ኧረ ካሴቱ!» እያልን ቤቱን በጩኸት አቀለጥነው። ባለቤቱም ግራ ገብቶት ማጫወቻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ማንም አይነሳም ነበር። የጃኪ ፊልሞች መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲወርድ፣ ሲስት፣ ሲወድቅ፣ ሲያነክስ ይታያላ። ያቺ ምሰሶ እጁን በእርግጥ አቃጥላዋለች። ያን ያየ ልጅ ዛሬ በኮምፒውተር የተሠራ ሰው ከሃያኛ ፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ሲሄድ ቢያዛጋ አይፈረድበትም።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊያችሁ «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ»ን ኮምፒውተር ያልነካው ፊልም አድርገው አቅርበውታል። ተሳስተዋል። እርግጥ ነው፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር መኪኖቹን ናሚቢያ በረሃ ወስዶ በእውነት አጋጭቷቸዋል። በሚሮጥ መኪና ላይ በተተከለ ረጅም ዘንግ ጫፍ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዙት ሰዎችም እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ግን በዚያው ፊልም ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) በኮምፒውተር ተነካክቷል። ያ ሁሉን የሚውጠው የአሸዋ ማዕበል የኮምፒውተር ነው። ሻርሊዝ ቴሮን የተጫወተችው የፊዩሪዮሳ የተቆረጠ ክንድስ? ተዋናይቷ ክንዷ ላይ አረንጓዴ ጓንት አጥልቃ ተቀርጻለች፤ ክንዱን ያጠፋው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ለደህንነት የታሰሩ ገመዶችን የፋቀውም እሱና መሰሎቹ ናቸው።

«ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ»ም እንደዚያው። ተዋንያኑ በእርግጥ የኤፍ-18 ጄት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የባሕር ኃይል አብራሪዎች እያበረሩላቸው፣ ፊታቸው በስበት ኃይል ተጨማዶ ተቀርጸዋል። እሱን ማስመሰል አይቻልም። በመጨረሻ ላይ ግን ሁለቱ ጀግኖች አሮጌውን ኤፍ-14 አስነስተው ይበርራሉ። ይህን አውሮፕላን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2006 ጡረታ አውጥቶታል። መሬት ላይ የቆመው የሙዚየም ነው፤ የበረረው የኮምፒውተር። ፊልሙ ሲተዋወቅ ግን የሰማነው ወሬ ሁሉ ስለ እውነተኛው በረራ ነበር።

ቶም ክሩዝም ለ«ሚሽን ኢምፖሲብል» ፊልም ኖርዌይ ውስጥ በሞተር ሳይክል ከገደል ላይ ዘሏል። ስንት ጊዜ! አድናቂው ነኝ። የተንደረደረበት መወጣጫ ግን ሰው ሠራሽ ነበር፤ ፊልሙ ላይ አለት መስሎ የሚታየው ኮምፒውተር ስላለበሰው ነው። ሰውየው እውነት፣ አለቱ ውሸት። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ያ ትዕይንት የሰርከስ ትርዒት ይሆን ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ፣ የሙዚቃ ክሊፕ፣ አልፎ አልፎም ፊልም እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፊልም መጣልኝ። አንድ ልጅ ካላለቀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲወረወር ይታያል። ልጁ በእርግጥ ወድቋል። ታች ባዶ ካርቶን ተደርድሮለት፣ ከላይ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ። ሾቱ ስድስት ሰከንድ ነው። በሰከንድ ሃያ አምስት ፍሬም ስንል መቶ ሃምሳ ፎቶ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ገመዱን መፋቅ፣ ከጀርባው ያለውን ደግሞ መልሶ መሳል አለብኝ። ጀርባው ንጹሕ ግድግዳ ቢሆን ምን ነበረበት? የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ እንጨት በእንጨት ላይ የተመሰቃቀለበት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ አርባ ፍሬም ያህል ሳላስቀምጥ ጠፋብኝ።

ምርቃቱ ቀን ፕሮዲዩሰሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህን ፊልም አንዲት የኮምፒውተር ብልሃት አልነካችውም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ስሜ መጨረሻ ላይ የለም። ሲብስ ደግሞ የወደቀው ልጅ ስምም የለም። ስወጣ በር ላይ አገኘሁት። «ገመዱ የት ሄደ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በእኔ ሙያ ያለው ጣጣ ይኸው ነው። በደንብ ከሠራህ ማንም አያይህም። ካበላሸህ «ኮምፒውተር ነው» ተብሎ ትረገማለህ። ተመልካች አይቼዋለሁ የሚለው የኮምፒውተር ሥራ እኮ መጥፎውን ብቻ ነው።

መጥፎው ለምን በዛ ለሚለው፣ ጸሐፊያችሁ ስንፍና ብለውታል። እኔ ጊዜና ገንዘብ ነው እላለሁ። ስቱዲዮው ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ ይሰጣል፤ ከዚያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቀያይራል። በ2013 «ላይፍ ኦፍ ፓይ» በቪዥዋል ኢፌክት (በኮምፒውተር በሚሠራ የፊልም ምስል) ኦስካር ሲያሸንፍ ነብሩን የሠራው «ሪዝም ኤንድ ሂዩዝ» የተባለ ድርጅት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ኪሳራ አውጆ ነበር። ሽልማቱን የተቀበለው ባለሙያ ስለዚያ መናገር ሲጀምር ሙዚቃ ለቀው አስቆሙት።

ሌላው የካሜራ ነገር ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዓይናችን ክብደት ያውቃል። የተገለበጠ መኪና ስንት ጊዜ እንደሚነጥር፣ አቧራው ከየት እንደሚነሳ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ካሜራው ራሱ ክብደት የለውም። በመስኮት ገብቶ፣ በጎማ ሥር አልፎ፣ ሰማይ ይወጣል። ሰው ተሸክሞት እንደማያውቅ ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል። ስለዚህ እኔ ስሠራ ካሜራው ትንሽ እንዲንቀጠቀጥ አደርጋለሁ፤ ሌንሱም ላይ ጥቂት አቧራ እጨምራለሁ። ማጭበርበር ነው በሉት።

ደግሞ «እውነት ይሁን» ስንል ማን ላይ እንደምንፈርድ እናስብ። በ1982 «ትዋይላይት ዞን» ሲቀረጽ ለፊልሙ በተጠመደ ፍንዳታ ሄሊኮፕተር ወድቆ አንድ ተዋናይና ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። በ2021 «ረስት» ሲቀረጽ የፊልም ሽጉጥ ነው የተባለው እውነተኛ ጥይት ጎርሶ ተገኝቶ የካሜራ ባለሙያዋን ገድሏል። የተኩስ ብልጭታና ጭስ ኮምፒውተር ላይ መጨመር እኮ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እዚህ እኛ አገርም ለአንድ ተኩስ ትዕይንት መሣሪያ ከማፈላለግ ይቀልላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የ«ፊውሪ ሮድ»ን ነገር አርሙልን። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ የአገር ውስጥ አክሽን ፊልም ስትጽፉ ፕሮዲዩሰሩንና መሪ ተዋናዩን ብቻ አትጠይቁ። ማን ወደቀ? ማን ገመዱን አጠፋ? ብላችሁ ጠይቁ። ኦስካር እንኳ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው ለስታንት (ለአደገኛ ትዕይንት ሥራ) ሽልማት ያሰበው፤ በ2027 ከሚወጡ ፊልሞች ጀምሮ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

እነዚያ መቶ ሃምሳ ፍሬሞች፣ ከነገመዳቸው፣ ሃርድ ዲስኬ ላይ እስካሁን አሉ። መጥቶ ማየት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ ቡናው በእኔ ነው። የወደቀውንም ልጅ እጠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቪዲዮ ኤዲተር፣ ከአዲስ አበባ