ስለ ዋጋውና ስለ ረዳቶቻችን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ከገና በፊት ሊደርሳችሁ ይገባ ነበር። እኔ ግን ታኅሣሥ 26፣ እሑድ ማታ፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆቻችሁ ቤታችሁ ድረስ ረዳት የምንልክበት ዋጋ መጨመሩን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በሦስት መስመር ጽፌ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አርባ ሦስት መልእክት ጠበቀኝ። አብዛኞቻችሁ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቃችሁት። አንድ ሰው ግን «ለካ እናንተም ደላላ ናችሁ» ብሎ ጻፈ፤ አምስት ሰው ደግሞ አውራ ጣት ሰጠው። አምስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የሁሉንም ቤት ቡና ጠጥቻለሁ።

ዶሮና በግ በሚገዛበት ሰሞን፣ ጭማሪው ሊጀምር አምስት ቀን ብቻ ሲቀረው መናገሬ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ውሳኔውን ግን ላስረዳ፤ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የግማሽ ቀን ድጋፍ፣ በቀን 4 ሰዓት በሳምንት 5 ቀን፣ በወር 6,800 ብር ነበር። ከጥር 1 ጀምሮ 8,900 ሆነ። ድሮ ከ6,800ው ላይ 5,000 ለረዳቷ፣ 600 ለመጓጓዣዋ ሰጥተን 1,200 ይቀረን ነበር። አሁን ለረዳቷ 6,500፣ ለመጓጓዣ 900፣ ለጡረታ 715 ከፍለን የሚቀረን 785 ብር ነው። እናንተ ላይ 2,100 ሲጨመር እኛ ላይ 415 ተቀንሷል ማለት ነው። በዚያችው 785 ነው የቢሮ ኪራይ፣ ሥልጠና፣ ስልክ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ረዳቷ ስትታመም የምትተካዋ ልጅ የሚሸፈኑት። መዝገቡ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የፈለገ መጥቶ ይገላብጠው።

መጓጓዣውን አባዶ ለሚኖር ሰው ማስረዳት የለብኝም። ከኮተቤ አያት፣ ከአያት አባዶ፣ ያውም ሰልፉ ቀንቷት። ባቡሩ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነዳጁም፣ የትልልቅ ሰው ዳይፐሩም፣ ጓንቱም የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።

ጡረታው አዲስ ነው። ሳይደበቅ ይነገር ካልን፣ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ረዳቶቻችንን የምናሠራቸው በቀን ሒሳብ ነበር። በአዋጅ 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት አሠሪ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ማዋጣት አለባቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የዓመት ፈቃድም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ የወሊዱ ደግሞ 120 ቀን። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው። ያልሆነው ዋጋው ተወድዶ እናንተ እንዳትርቁ ፈርቼ ነው። የሰው ልጅ ጡረታ ቆርጬ ዋጋ ማርከሴን እንደ ቸርነት ቆጥሬው ነበር።

ባለፈው ክረምት ሦስት ረዳቶች በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ለቀቁ። አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። አንዷ ሲኤምሲ ሰፈር ካፌ ገባች፤ ጉርሻው ይበልጣል አለችኝ። ሦስተኛዋን ከእናንተው አንድ ቤተሰብ በጎን ተነጋግሮ ወሰዳት። ስም አልጠራም። አልተቀየምኩም ልል ነበር፤ ተቀይሜያለሁ።

ረዳት ሲቀያየር ምን እንደሚሆን ቤተሰቡን አስፈቅጄ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር የ24 ዓመት ወጣት አለን። ደረጃ ሲወርድ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ነካ ያደርጋል። ሲወጣም እንደዚያው። የድሮዋ ረዳቱ ይህን ታውቃለች፤ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ አንዳንዴ እሷም ትነካለች። አዲሷ በመጣች በሁለተኛው ቀን ታክሲው እንዳያመልጣቸው ብላ ክንዱን ይዛ ሳበችው። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቁጭ አለ። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት አልተነሳም። ጎረቤት ዘምቢል ይዞ በላዩ እየተሻገረ ወጣ፣ ወረደ። እኔ ደርሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ደረጃው ብርድ ነበር። ልጅቷ ጥግ ላይ ታለቅሳለች። የነገራት ሰው አልነበረም፤ የነበረው እውቀት ካፌ ገብቷል።

ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሰው ደብተር ያዘጋጀነው። ሽሮ ካልበረደለት እንደማይነካ፣ ጁስ መፍጫ ሲጮኽ ጆሮዋን እንደምትይዝ፣ «እምቢ» ለማለት ጫማውን እንደሚያወልቅ የሚጻፍበት። ደብተር ግን ሰውን አይተካም። ደመወዙን ያሳደግነው ልጃችሁን የሚያውቅ ሰው ልጃችሁ ዘንድ እንዲቆይ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ደላላ ላላችሁኝ፦ ደላላ ሰው አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ በ2011 በሁለት ቤተሰብ ስጀምር፣ ረዳት ስትቀር ራሴ ቀሚሴን ሰብስቤ ሰውነት ያጠብኩ ሰው ነኝ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ብዙዎቻችሁ በር ዘጋችሁ፤ አልፈረድኩም፤ ረዳቶቹን ግን ሦስት ወር ግማሽ ደመወዝ እየከፈልኩ ያቆየሁት በእናቴ ወርቅ ነው።

እናቴን ካነሳሁ ይነገር። ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ ዘንድሮ 41 ዓመቱ ነው። እኛ ልጅ በነበርንበት ጊዜ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ገና አልከፈቱም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። እማዬ ገበያ ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፋበት ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ሌላ መላ አጥታ ነው።

እኔ ደግሞ አሜሪካ ሜሪላንድ ሄጄ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። የመጀመሪያ ቀን ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ፣ አንደበት የሌለው ሰው ነበር። ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ላይ ውሻ አሳየኝና አፍጥጦ ተመለከተኝ። እፈራለሁ አልኩ። ሳቀ። ቀጠረኝ። እዚያ መንግሥት ለባለጉዳዩ፣ ማለትም ድጋፉን ለሚያገኘው ሰው፣ ዓመታዊ በጀት ይመድብለታል፤ ረዳቱን ራሱ ወይም ቤተሰቡ መርጦ ይቀጥራል፤ ደመወዝ መክፈሉንና ግብር መቁረጡን ሌላ ድርጅት ይሠራል፤ አስተባባሪው ዕቅዱን ያወጣል፣ ይከታተላል። ይህንን ነው አባዶ ያመጣሁት። ልዩነቱ፣ እዚህ በጀቱ የእናንተ ኪስ ነው። አስተባባሪውም፣ ደመወዝ ከፋዩም፣ ሲቸግር ተተኪውም እኔው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደላላ መባል ሆዴን ባር ባር አሰኝቶታል፤ ይኸው ነው።

ሌላው ያስቆጣችሁ፣ ረዳት ስንመርጥ ባለጉዳዩን ራሱን መጠየቃችን ነው። «እሱ ምን ያውቃል?» ያሉኝ አባት አሉ። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያውቃል። ሁለት ረዳቶች ቤታችሁ ስንልክ የአንዷን እጅ ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰዳት፤ ለሌላዋ ጫማውን አወለቀ። ከዚህ በላይ መልስ አለ? አገራችንም በአዋጅ 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የት፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ምርጫው የራሱ ነው። በዚህ ነገር ዋጋም ቢቀነስ አልደራደርም።

አራት ቤተሰቦች ልትለቁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። መብታችሁ ነው። ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ የልጃችሁ ነው፣ ለሚቀጥለው ረዳት ይጠቅማል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አናግሩኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለምትፈልጉ 5,340 ብር ይሆናል። አንድ ብሎክ ላይ ያላችሁ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቹ ከተስማሙ አንዲት ረዳት ልትጋሩ ትችላላችሁ፤ ብሎኩን እኔ አፈላልጋለሁ። የወሩን በሁለት ጊዜ መክፈልም ይቻላል፤ ይህን እስከዛሬም ለጠየቀኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ለረዳቶቹ በጎን ብር መስጠት ግን ይቅር። ጉርሻ መስጠት ከፈለጋችሁ ለበዓል ስጧቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ይህ ዋጋ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ አይነካም፤ በጽሑፍ ለእያንዳንዳችሁ እሰጣለሁ።

ቅዳሜ ጥር 23 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢሮ እንገናኝ። ያው የምታውቁት ምድር ቤት ሱቁ ነው፤ ከፋርማሲው ቀጥሎ። ረዳቶቹም ይኖራሉ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። አውራ ጣት የሰጣችሁትም ጭምር። ወንበር የሚደረድረው ወንድሜ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ከአሁኑ እየጠየቀኝ ስለሆነ የምትመጡ እስከ ሐሙስ ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና አስተባባሪ